አልጋ ሦስት ላይ የተኛው ሰው

ውድ ልጄ፣

መጀመሪያ የጎረቤታችንን የልብስ ሰፊውን ነገር ልንገርሽ። የሳንባ ምች ይዞት እኔ የምሠራበት ክፍል ከተኛ ስድስት ቀኑ ነው። ትኩሳቱ በርዶለታል፤ ሳሉ ግን እንዳለ ነው። ሚስቱ በቤትና በሆስፒታል መካከል ስትሮጥ እግሯ አብጧል። ትልቋ ልጁ ፈተናዋን አልፋለች። ሐሙስ ዕለት ሐኪሞቹ ኦክስጅኑ አጠገብ ይሁን ብለው እሱን ከአልጋ ሰባት ወደ ሦስት፣ የሦስቱን ሽማግሌ ወደ ሰባት አዛውሬያለሁ። ይህን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ስልክ አታነሺም። ባለፈው "እማዬ፣ ስለ ሥዕሉ ምኑ ይገባሻል?" ስትዪኝ ጆሮሽ ላይ ዘግቼብሻለሁ፤ እሱ ይሆናል። እውነትሽን ነው፣ ለክፍላችን የመድኃኒት አሰጣጥ የሠራሽው፣ ያ ሳጥንና ቀስት የሞላበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ንድፍሽ አልገባኝም። የገባው ሰውም አላየሁ። ሲስተራችን ዘቅዝቃ ይዛው "ቆንጆ ነው" ብላ ፈረመች፤ ሌሎቹ ነርሶችም እሷን አይተው ፈረሙ። ሰኞ ሥራ ይጀምራል ተባለ።

እኔ ግን አብሮት የመጣውን ጽሑፍ ይዤ ቁጭ አልኩ። ኮምፒውተሩ ራሱ ሥዕሉን አይቶ በሰው ቋንቋ የጻፈው ነው ብለሽኝ አልነበር? በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። አራተኛው ገጽ ላይ "እያንዳንዱ አልጋ አንድ የመድኃኒት ዝርዝር አለው። በሽተኛው አልጋ ሲቀይር ዝርዝሩ ከአልጋው ጋር ይቆያል" ይላል።

ሐሙስ ያዛወርኳቸው ሁለቱ ትዝ አሉኝ። ሽማግሌው በየስድስት ሰዓቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ነው። ልብስ ሰፊውን ደግሞ ፔኒሲሊን አንዴ ሊገድለው ነበር። ዝርዝሩ ማክሰኞ፣ ሳይዛወሩ በፊት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፤ ሰኞ ነርሶቹ የሚያዩት እሱን ነው።

ማሽኑ የሣልሽውን ጻፈ፤ አንቺም የነገርኩሽን ሣልሽ። አምና ሥራችንን ልታዪ ስትመጪ "ሰባት ውሃ ጠይቋል፣ ሦስት ራጅ ይሄዳል" እያልኩ ያዞርኩሽ እኔ ነኝ። "ስማቸውስ?" ብትዪኝ "ስም ማን ይይዛል፣ ቁጥር በይ" ብዬ ሳቅሁብሽ። ጥፋቱ የጀመረው ከእኔ ነው።

ትናንት ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ አንዱን ወለል ሦስቴ ወለወልኩት። ብናገር አዲስ ሥራሽ ነው፣ አለቃሽ ምን ይልሻል? ዝም ብል የልብስ ሰፊውን ሚስት በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ተናገርኩ። ሲስተር "ፈርመን ጨርሰናል እኮ" አለችኝ።

"እኔ አልፈረምኩም።"

"የጽዳት ሠራተኛ ፊርማ ማን ጠየቀ?"

"ማንም። ሁለት መስመር ነው፣ አንብቢው።"

አነበበችው። ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ዛሬ ጠዋት የሆስፒታሉ ኃላፊ ራሱ መጣ። "ሰኞ አይጀመርም" አለ። "ማነው ይህን የሣለው?"

"ልጄ ናት።"

"ስህተቱን ያገኘውስ?"

"እናቷ።"

ሊስቅ ፈልጎ ተወው። "በሉ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ አስተካክሉት" ብሎ ሄደ። እናም ስልክ አንሺ፤ ካልሆነም ይህን ደብዳቤ ለሚያመጣልሽ ሹፌር የምትመጪበትን ቀን ንገሪው።

የልብስ ሰፊው ሚስትም መጥታ ነበር። "እግሬ አብጦ እንኳ የሚያስቀኝ አላጣሁም፤ ከዛሬ ጀምሮ ከመርፌ በፊት ስም ይጠየቃል ስላሉት ባሌ ስሙን እየደጋገመ ያጠናል" አለችኝ። አሁን ይህን እየጻፍኩ ተረኛዋ ነርስ መርፌ ይዛ ገባች። አልጋ ሦስት አጠገብ ቆማ "ስምዎትን ይንገሩኝ" አለችው። ሳሉን ዋጥ አድርጎ ከነአያቱ ነገራት።

እናትሽ