ከሁሉ በፊት ያንተ ክንድ

ጥላዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላ፤ ተዝካርህንም ባለፈው ወር አወጣን። ሲያትል እንደምታውቃት ናት፣ ዝናቧን ታንጠባጥባለች። እኔ የሌክ ሲቲውን ቤታችንን ለቅቄ ሾርላይን ልጃችን ሰብለ ዘንድ ገብቻለሁ። የደምን ስኳር በቀለም ትለካበት የነበረው አሮጌ መሣሪያህ ሳሎን፣ ከቪዲዮ ማጫወቻው አጠገብ ተቀምጧል። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላስነካም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ስላንተ ሳወራ ሰብለ «ማሚ፣ ኦኬ፣ ሰምተውታል እኮ» ትለኛለች። ደግመው ይስሙት! ስኳር በሽታ ሽንት ላይ በሚሰበሰብ ጉንዳን ይታወቅ በነበረበት ዘመን፣ አንተ ሐኪምነቱ አልበቃህ ብሎ ኬሚስትሪ ተምረህ አዲስ አበባ ተመለስክና የሆስፒታሉን ዕቃ ቤት አስጠርገህ ላቦራቶሪ አደረግኸው። ጓደኞችህ ቀለም ቀላቃዩ እያሉ ቀለዱብህ። ቆይቶ ግን ያንተን ውጤት ሳያይ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ጠፋ።

ሰው ግን መጀመሪያ ላይ ደሙን አልሰጥም አለ። ደማችንን ሊሸጠው ነው ተብሎ ተወራብህ። አንተ አልተቆጣህም። በየማለዳው ቁርስ ሳትቀምስ ወንበር በር ላይ አስወጥተህ፣ ተሰላፊው ሁሉ እያየ ከራስህ ክንድ ታስቀዳ ነበር። ያንኑ ደም ከሕመምተኞቹ ደም ጋር ትመረምረዋለህ፤ ያንተ ውጤት ከወትሮው ከራቀ የዕለቱ ሥራ በሙሉ እንደገና ይጀመራል። በአንድ መርፌ ሰውንም ታደፋፍራለህ፣ ሥራህንም ትፈትናለህ። ክንድህ ወንፊት ሆነ ብዬ ስጮህብህ ትስቅ ነበር። አፌ ይቆጣህ እንጂ ልቤ እንዴት ይኮራብህ ነበር!

የኔን የመርፌ ፍራቻ ታውቃለህ። ካንተ በቀር ደሜን የቀዳ ሰው የለም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ሰብለ የሐኪም አፖይንትመንት ታስይዛለች፣ እኔ ሰበብ እፈጥራለሁ። ስኳሬ ደግሞ ዓይኔን ያደበዝዘው ጀምሯል። ልጅህ እያለቀሰች ለመነችኝ፤ እሺ ማለት አቃተኝ።

ባለፈው እሑድ ነርሶች የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ መጡ። ለቅዳሴ እህል ሳንቀምስ የመጣን ስለሆንን ለስኳር ምርመራ ይመቻል ተብሎ ነው። ጠረጴዛው ተዘረጋ፣ መርፌው ተዘጋጀ፤ የሚቀርብ ግን የለም። ሁሉም አንተ ቅደም፣ አንቺ ቅደሚ ይባባላል። በቅርቡ ከአገር ቤት ልጃቸው ዘንድ የመጡት እማማ ደስታ፣ ደሜን ወስደው ምን ሊያደርጉበት ነው ሲሉ ሰማሁ። ያ የድሮ ወሬ ባሕር ተሻግሮ መጥቶልሃል! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ዕንባዬ።

ብድግ አልኩ። ወንበሩን ሁሉም ወደሚያየው ቦታ ጎተትኩና እጅጌዬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። መርፌው ሲገባ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጨርሼ ዞር ስል እማማ ደስታ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ከእሳቸውም ኋላ ሰልፍ።

ነርሶቹ ተመልሰው ይመጣሉ። እኔም በጸሎት ብቻ አላስብህም። በመጡ ቁጥር፣ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ፣ ቀድሜ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

ያንተው መርፌ ፈሪ