የደረጀ ጊታር ክር

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

ወንድሜ ደረጀ ዛሬ ከተኛበት ሆኖ ለጊታሩ አዲስ ክር እንድገዛለት ለመነኝ። ክረምቱን እንደማይዘልቅ ሐኪሙ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው።

ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። "ሽፋን ያለው ብዙ ወር ይቆያል። ሽፋን የሌለው ቶሎ ይዝጋል፤ ድምፁ ግን ይበልጥ ይጠራል" አለኝ። "ብዙ ወር" ያለውን መለስኩለት። ድምፁ የሚጠራውን ገዛሁ።

ደረጀ ማሸጊያውን አገላብጦ አየው።

"እንዴ፣ በጉለሌ ክረምት ሽፋን የሌለው ይገዛል? በወሩ እኮ ነው የሚዝገው።"

"ድምፁ ጥሩ ነው ብለውኝ ነው" አልኩት።

ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። "ሐኪሙ ምን አለሽ?"

ጊታሩ ወደቆመበት ጥግ ዞርኩ።

"በቃ ተይው" አለኝ። "ጊታሩን አቀብይኝ።"

ክሩን ማጥበቅ ስላቃተው የቀየርኩት እኔ ነኝ።