ለእናትሽ ያነበብኩላት የዘንዶ ታሪክ

ከቤት፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19 ቀን

ልጄ፣ የዓይኔ ብሌን፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍ ግራ እንደሚገባሽ አውቃለሁ። ለእናትሽ ቀብር መድረስ ያልቻልሽው የመኖሪያ ወረቀትሽ ስላላለቀ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም አልፈረደብሽም። አክስትሽ መርዶውን በስልክ የነገረችሽ ቀን «እናቴ በመጨረሻ ሰሞን ምን ታደርግ ነበር? ምን ትል ነበር?» ብለሽ ጠየቅሻት አሉ። «የሚያውቀው አባትሽ ነው፣ እሱን ጠይቂ» ስትልሽ ስልኩን ዘጋሽው። እንግዲህ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

እናትሽ የመጨረሻ ሰሞኗን የዘንዶ ታሪክ ስትሰማ ነው ያሳለፈችው። አንባቢው እኔ ነበርኩ።

አዎ፣ እኔ። ፈተናውን የወደቅሽ ጊዜ «ጭንቅላትሽን የበላው ይሄ እሳት የሚተፋ ተረት ነው» ብዬ ቤቱን ያናወጥኩት እኔ። ከአገር ከሄድሽ በኋላም አንድ የማታውቂው ነገር አለ። በሳምንቱ መጻሕፍትሽን ሰብስቤ ለቆሻሻ መኪናው ሰጠኋቸው። እናትሽ ይህን ደብቃልኝ ነው የኖረችው።

ያን ቀን አልጮኸችም። «አራተኛው መጽሐፍ ላይ ነበርን» ብቻ አለች። ስኳሩ ዓይኗን ካደከመው ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አጠገቧ ቁጭ ብለሽ እንደምታነቢላት አይ ነበር፤ ግን የምትሰማሽ ላንቺ ብላ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሷም ልቧ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። አሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። ሶፋ በምንሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እኔ የሶፋ እግር ስመታ እሷ በዳበሳ የትራስ ቁልፍ ስትተክል፣ በመሐላችን የሚሰማው መዶሻዬ ብቻ ነበር።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጽሐፍ ፍለጋ ወጣሁ። ሻጩ «ለልጅዎ ነው?» አለኝ። «ለባለቤቴ» አልኩት። ሽበቴን አየና ሳቁን ዋጥ አደረጋት። አራተኛውን ይዤ ገባሁ። ገና አንድ ገጽ ሳላነብ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ። «ይቺ የገመድ ሠሪው ልጅ የምትሏት ማናት?» ብላት «ከመጀመሪያው ካልጀመርክ አይገባህም» አለችኝ። በማግሥቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሰባቱንም አንድ በአንድ ሰበሰብኳቸው።

እኔ እንደምታውቂኝ ከሽያጭ ደረሰኝ ያለፈ ነገር አንብቤ አላውቅም። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ስሞቹን እያበላሸሁ ነው የገፋሁት። እሷ ታርመኛለች። ዝገት የሚሉት ዘንዶ ሲናገር ድምፄን ካላወፈርኩ «ልጄ እንዲህ አይደለም የምታነበው» ትለኛለች፤ አወፍራለሁ። አንድ ቀን ስጮህ ደንበኛ ደረሰና ደንግጦ «ምን ሆነው ነው?» አላት። «ዘንዶ ሆኖ ነው» አለችው፣ ቁልፏን እየተከለች።

ስትደውይላት ይህን አንድም ቀን ያልነገረችሽ «ራሱ ይንገራት» ብላ ነው። እኔ ደግሞ ስልኩ ሲጮህ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ጓሮ እወጣ ነበር።

ታስታውሺ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ገመድ ሠሪው ልጁ ዘንዶ እንደምትጋልብ ሲያውቅ በሩ ላይ ቆሞ «ከወጣሽ አትመለሺ» ይላታል። እዚያ ስደርስ ያንኑ መስመር ሁለቴ አነበብኩት። ሲቸግረኝ «ይሄ ገመድ ሠሪ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው!» አልኩ። እናትሽ «ምነው፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለችኝ። እየሳቀች ነበር። እኔ ግን ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጣሁና ጓሮ ቆምኩ። ውሃም አልጠጣሁ።

ሰባተኛውን ስንጀምር ኩላሊቷም እምቢ አለ። ሆስፒታል ተኛች፤ ስድስት አልጋ ያለው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር። መጠየቂያ ሰዓቱ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ነው፤ ያንን ሁለት ሰዓት ሙሉ አነባለሁ። ከጎኗ የተኙት ጡረተኛ አዋላጅ ከታሪኩ መሐል ስለገቡ «አሁን ይሄ ዘንዶ የማን ወገን ነው?» እያሉ ያቋርጡናል። እናትሽ ታስረዳቸዋለች። ሲደክማት እኔ አስረዳለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሁለት ምዕራፍ ቀርቶን ነበር። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠርቶ የሚነግረኝን ነገረኝ። ስመለስ ዓይኗን ጨፍናለች። «አንብብ» አለች። ገለጥኩ፤ ፊደሉ አልታይ አለኝ።

«ልጅቷ ትመለሳለች?» አለች።

«ትመለሳለች» አልኩ። መጽሐፉን እያየሁ ከሆዴ እየፈጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። «ልጅቷ ከዝገት ጀርባ ወረደች። በሩን ሳታንኳኳ ገባች። እናቷ ድምፅዋን ሰምታ ተነሣች።»

«አባትየውስ?»

«አባትየው ቆሟል።»

«ቆሞ ቀረ? ምን አላት?»

ገጹን ገለጥኩ።

«አንብብ እንጂ!»

«‹አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ› አላት።»

ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። «አንተ ሰው፣ ገመድ ሠሪው ሦስተኛው ላይ ሞቷል እኮ» አለችኝ።

ረስቼው ነበር፣ ልጄ። መሞቱን ያነበብኩላት እኔው ራሴ ነኝ፤ ግን ያን ሰዓት ጨርሶ ከልቤ ጠፋ። የምገባበት ጠፋኝ።

እጄን ፈልጋ ያዘችና «ግድ የለም፤ ቀጥል» አለች። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ቀጠልኩ። ስላንቺ ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም።

ዓርብ ጠዋት እኔ ሳልደርስ አረፈች። ስገባ አንሶላው ተቀይሯል። አዋላጇ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይዘውልኛል። «አልተሠቃየችም» አሉኝ። «ሐሙስ እንደወጡ መጨረሻውን ነገረችኝ። ልጅቷ መግባቷን፣ አባትየውም ይቅርታ መጠየቁን።» የገመድ ሠሪውን መሞት አልነገረቻቸውም።

የቀረውን ሁለት ምዕራፍ ባለፈው እሑድ ብቻዬን ጨረስኩት። ልጅቷ አትመለስም። ከባሕሩ ማዶ ቀርታ ትንንሽ ዘንዶዎችን መብረር ታስተምራለች። ደህና ናት፤ ቤት አላት፤ ጣሪያዋን ራሷ ትጠግናለች። ስለ አባቷ ትዝ ያላት ነገር አልተጻፈም። በክፉም፣ በደግም። የዘለልኩት ገጽ እንዳለ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። የለም።

እጅሽ የነካው ሥራ ሁሉ ይሥመርልሽ። ስታመሚ አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አይጥፋ። እናትሽ ስምሽን ትጠራ የነበረው በደስታ ነው፤ ያንን ስንቅ አድርጊው። እኔ አሁን ስልኩ ሲጮህ ወደ ጓሮ አልወጣም።

አባትሽ