ኪታቤን የለበድኩበት ላስቲክ

ይድረስ ለልጄ ለዊዳድ ኢስሃቅ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መስጊድ በእግሬ እሄዳለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ይህንንም ፊደል እየለቀምኩ በገዛ እጄ እጽፋለሁ። አንቺስ ደህና ነሽ ወይ? ያ የኮሪያ ብርድ እንዴት አደረገሽ? እህልስ ይበላልሻል? ጉልበቴ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ከትናንት ጀምሮ ቦታው አልተመለሰም።

ባለፈው «የጥላሸት ሥራሽን ጥለሽ ለዒድ ግቢ» ብዬ የጻፍኩት፣ ዋሽተሽኛል ብዬ ነው። ከካርቦን፣ ከጸጉር ሺህ ጊዜ የቀጠነ ቱቦ እናወጣለን፣ በጥብጠን ላስቲክ ላይ እናለብሳለን፣ እንደ መስታወት እያሳየ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል አልሽኝ። ለማን? ምድር ባቡር ጋራዥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሞተር ካርቦን ለቀየርኩት ለእኔ! ጥቁሩ ካርቦን ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፍ አውቃለሁ። ወለል አድርጎ እያሳየ ግን? የተማረች ልጄ ጭስ ማውጫ እየጠረገች ትደብቀኛለች አልኩ።

ጓደኛሽ ካውሰር ከኮሪያ ስትመጣ ያደረሰችልኝን ዕቃ ስፈታ፣ ከላይ አንድ የጠራ ላስቲክ አገኘሁ። አብሮት የመጣውን ደብዳቤሽን ሳልጨርስ መጠቅለያ መሰለኝና በመቀስ ቆርጬ የያሲንን ሱራ የምቀራበትን ኪታብ ለበድኩበት። ትናንት ስልክ ጠጋኙ ጎረቤታችን ዐብዲሻኩር የቀረውን አነበበልኝ፤ መነጽሬ ቆሽሾ ነው። «አባባ ኢስሃቅ፣ የልጅህን ሥራ እኮ ነው የለበድክበት!» ብሎ ጮኸ።

አውልቆ ባትሪና የምስር ፍሬ የምታህል አምፖል አስጠጋበት። አልበራም። «ሂድ፣ ቀልማዳ!» ብዬ ሳቅኩበት። ገልብጦ በሌላው ፊቱ ነካው፤ በራ! ወላሂ፣ ሽቦ የለ፣ መዳብ የለ፣ ከጀርባው ጣቴ እየታየኝ በራ። አዑዙ ቢላህ ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ሦስቴ አስነሳሁት፣ ሦስቴ አስነካሁት፣ ሦስቴም በራ። «እንደ እማ ሻሽ ነው፤ ክሩ እርስ በርሱ ይነካካል፣ ብርሃኑ በመሀል ያልፋል» ያልሽው አሁን ገባኝ።

«የሥራ ውሌ በወሩ መጨረሻ ያበቃል፣ ግቢ ካልከኝ እገባለሁ» ብለሻል። እኔ ቃሌን አንስቼ አላውቅም፤ እናትሽ ብትኖር ትመሰክር ነበር። ቤቱም ከእሷ በኋላ ጭር ብሏል፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ግቢ ያልኩትን ይኸው አነሳሁ። አዲሱን ውል ፈርሚ። ዱዓዬ ካንቺ ጋር ነው።

ያለብኝን ራሴ እክሳለሁ፤ ዐብዲሻኩርን ቀልማዳ ማለቴን፣ መስጊድ ደጅ ለወዳጄ ለኹርሲ «ልጄ ዋሸችኝ» ብዬ ማማቴን። አስታራቂ እንዳትልኪብኝ።

አክስትሽ በድሪያ ሰላም ትልሻለች፤ ልጇ ሉቅማንም ከነልጆቹ። አብራሽ ለምትኖረው ለአያን ሰላምታዬን አድርሽ። የፈረምሽ ዕለት ደውይ፤ እንኳን ደስ ያለሽ የሚልሽ የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሁን።

አባትሽ ኢስሃቅ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.