በአባዬ እጅ ውስጥ የቀረው እሾህ

ነገሌ ቦረና
ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ውድ አክስቴ የሺ፣

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ሦስት ጊዜ ወረቀት አውጥቼ መልሼ ደብተሬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

ትናንት አባዬ ከሚታከምበት ከአዲስ አበባ ስትደውዪ እናቴ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ነበር፤ ሁሉንም ሰማሁ። የአባዬ እጅ ላይ ያለው ቁስል ሻጋታ ነው፣ አፈርና እንጨት ላይ የሚኖር፣ ጤነኛን ሰው የማይነካ ነው አልሽ። ከሦስት ዓመት በፊት የሰጠሽውን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚውጠው መድኃኒት መከላከያውን አድክሞት ነው አልሽ። ሐኪሙ "እሾህ ወይም እንጨት ወግቶዎት ያውቃል?" ሲሉት አባዬ "የለም" ብሏል። በእሾህ የገባ ቢሆን እጁን ብቻ ማከም ሊበቃ ይችል ነበር፤ ከውጭ ካልገባ ግን ከሳንባው ተነስቶ ይሆናል ብለው ያንን መድኃኒት ሊቀንሱበት ነው። ሲቀነስ ደግሞ ኩላሊቱ... ብለሽ ሳትጨርሺው ቀረሽ።

አክስቴ፣ ወግቶታል።

ሰኔ ላይ ጅብ የፍየሎቹን አጥር ጥሶ ገባ። እናቴ "ጎረቤታችንን ጋሮማን ጥሪልኝ፤ አጥሩን ይጠግኑልን፤ አባትሽ እሾህ እንዳይነካ" ብላ ላከችኝ። ደጃቸው ስደርስ እንግዶች ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አፌ ተያያዘ። ተመለስኩና "የሉም" አልኩ።

እናቴ ገበያ ስትወጣ አባዬ ራሱ ተነሳ። "አባዬ ተው" አልኩት።

"ሦስት ዓመት እንደ እንቁላል ታቀፋችሁኝ፤ እስካሁን አልተፈለፈልኩም!" ብሎ ሳቀ።

የግራር እሾህ የእጁን ጀርባ ወጋውና ተሰብሮ ውስጥ ቀረ። "እሾህን በእሾህ ነው፤ ነይ አውጪልኝ" አለኝ። ከአጥሩ ሌላ እሾህ ሰብሬ ቆፈርኩ። ግማሹ ወጣ፤ ግማሹን አላገኘሁትም።

"ለየሺ እንዳትነግሪ። ኩላሊቴን መልስ ትለኛለች።"

ከወር በኋላ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣችበት። አላመመውም፣ ትኩሳትም አልነበረውም። ክሊኒክ ቢሄድ ብጉንጅ ነው አሉት። ጠቆረች፣ አደገች፣ ፈነዳች። በጨው ውሃ አጥብለት ነበር። አጥሩ በተሠራ ቀን እሾሁ እኔንም ሁለት ቦታ ወግቶኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቦታው ጠፋ።

ዛሬ ጋሮማ ሊጠይቁን መጡ። "አካም ኮከብ፣ ደህና ነሽ? መምህር አባትሽ እንዴት ናቸው?" አሉኝ። ቀጥለው ወደ ጓሮ እያዩ "ይህን አጥር ማን ነው እንዲህ አጣሞ የሠራው? እኔ እያለሁ!" አሉ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አባዬ ለሐኪሙ "የለም" ያለው አንቺን አፍሮ ነው። እኔ ግን ያፈርኩት እንግዶችን ነው፤ ስማቸውን እንኳ አላውቅም። እውነቱን ብናገር ይድን እንደሆነ አላውቅም። ኩላሊትሽ ይተርፍ እንደሆነም አላውቅም።

ይህ ደብዳቤ በአውቶቡስ እስኪደርስሽ መድኃኒቱን ይቀንሱበታል። በእናቴ ስልክ፣ በእሷ ፊት መደወል ደግሞ አልችልም። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት ጋሮማ ቤት እሄዳለሁ። እንግዳ ቢኖርም እገባለሁ። ስልካቸውን ለምኜ እደውልልሻለሁ። ይህን ወረቀት እይዛለሁ፤ አፌ ቢያያዝም ማንበብ እችላለሁ። ሰላምታውን ዘልዬ "አክስቴ፣ ወግቶታል" ከሚለው እጀምራለሁ።

የወንድምሽ ልጅ
ኮከብ አምሀ