ዳቦ ቤቱ የነበረበት ቦታ

ጥቅምት 4

ጠዋት መነጽሬን ስፈልግ ቆየሁ። ግንባሬ ላይ ነበር። ባለቤቴ እያየችኝ ዝም... ሲላት ትናገራለች፣ ሲላት ቁጭ ብላ ትዝናናብኛለች።

ቁርስ ላይ፦ "ለሰው ሁሉ የፈረሰ ቤት ትፈልጋለህ። የአባቴ ዳቦ ቤት ምን በደለህ?"

እውነቷን ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። አሮጌ ካርታ አዲስ ካርታ ላይ እያነባበርኩ በከተማው ዳርቻ የነበሩ፣ ዛሬ የሌሉ ቤቶችን ቦታ ማግኘት። የሳሙና ፋብሪካውን አግኝቻለሁ፣ አሁን ትምህርት ቤት ነው። የድሮውን ክሊኒክም አግኝቻለሁ። ማንም አላዘዘኝም። የእሷን ግን ዛሬ ነገ ስል...

"ከመጋዘኑ ፊት ለፊት እንደነበር አውቃለሁ" አለች። "ምድጃው የቱ ጋ እንደነበር ነው የጠፋኝ። አንዴ ብቆምበት ይበቃኛል።"

ሰባ ዓመቷ ነው። ሌላ ምን ጠይቃኝ ታውቃለች?

ጥቅምት 7

ሠላሳ ስድስት ዓመት የሠራሁበት ካርታ ክፍል ዋልኩ። በር ላይ መታወቂያ ይጠይቁኛል። መዝገብ ቤቱን የያዘችው ልጅ ግን ትወደኛለች። "ጋሼ፣ ደግሞ ምን ፈርሶብዎት መጡ?"

መንገዱ ሲሰፋ የተሠራውን የማፍረሻ ንድፍ አወጣችልኝ። ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት፣ እኛ ትሬሲንግ የምንለው። ጥጉ ላይ የእኔ ፊርማ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር... እጅ ጽሑፌ ማማሩ። ልጅቷ ላይ ትንሽ ጉራ ነዛሁባት።

ከባለቤቴ ጋር ያገናኘን ይሄ ወረቀት ነው። ዳቦ ቤቱ በፈረሰ በሳምንቱ አቤቱታ ይዛ መስኮታችን ላይ መጣች። "መፍረስ የነበረበት ፊት ለፊታችን ያለው መጋዘን ነው፣ ተሳስተዋል ይላል አባቴ።" ወረቀቱን ዘርግቼ አሳየኋት። የማፍረሻው ምልክት ዳቦ ቤቱ ላይ ነው። "የእኔ እህት፣ ካርታ አይዋሽም" አልኳት፣ አፌን ሞልቼ። በሳምንቱ ተመለሰች። በሌላው ሳምንትም... በመጨረሻ አቤቱታውን ተወችው፣ እኔን አልተወችኝም።

ጥቅምት 8

አልገጥም አለኝ። መንገዱ ይገጥማል፣ ጥጉ ላይ ያለው ወንዝ እምቢ። ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ወረቀቱ ተኮማትሮ ይሆን? ወይስ ዓይኔ?

ጥቅምት 11

ዛሬም ያው።

"ምን ላይ ደረስክ?"

"ወንዙ አስቸገረኝ።"

"እኔ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነኝ፣ ወንዙን ለዓሣ አጥማጅ ተውለት።" በራሷ ቀልድ ራሷ ሳቀች።

ጥቅምት 12

ገጠመ። ምነው ባልገጠመ።

በሥርዓት ልጻፈው። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ወደቀ። ሳነሳው ተገልብጦ ኖሯል፣ ሳላስተውል በጀርባው ካርታው ላይ አስቀመጥኩት። መንገዱ፣ ድልድዩ፣ ወንዙ... ልክክ። ጽሑፉ ብቻ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጧል። በጥፍሬ ዳሰስኩት። የመስመሩና የማፍረሻው ምልክት ቀለም በአንድ ፊት፣ የጽሑፉ ቀለም በሌላው ፊት።

ክው አልኩ።

መስመሩን አስምሬ፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ትቼው፣ ስመለስ በጀርባው ነው የጻፍኩበት። ዳቦ ቤቱና መጋዘኑ በመንገዱ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ናቸው፣ መጠናቸውም አንድ። ሲገለበጥ ማን ይለያል? ከወንዙ በቀር የሚያሳብቅ የለም፣ ወንዙን ደግሞ ማንም አላየውም። በትክክለኛው ፊት ሲታይ የማፍረሻው ምልክት ያረፈው መጋዘኑ ላይ ነው። መሐንዲሱ መጋዘኑን አለ፣ እኔ ዳቦ ቤቱን አስፈረስኩ።

አማቴ ልክ ነበሩ።

መጋዘኑ ዛሬም ቆሟል፣ የቤት ዕቃ ይሸጥበታል። ይህን የምጽፍበትን ጠረጴዛ የገዛነው ከዚያ ነው።

ጥቅምት 13

ዳቦ ቤቱ በሚፈርስበት ቀን፣ አማቴ መንገድ መሀል ቆመው "በዚያ በኩል ነው እኮ" ሲሉ አፍራሾቹ ሳቁባቸው። ሰፈሩ "ግራ ቀኝ" የሚል ስም አወጣላቸው። እሷም ከእኔ መስኮት ተመልሳ፣ "አባባ፣ ካርታውን በዓይኔ አየሁት፣ በቃ ተው" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ዳቦ ቤቱ ትንፍሽ አላሉም። ሰርጋችን ላይ እጄን ይዘው "ባለካርታው አንተ ነህ?" አሉኝ። ሳቅኩ። በዓመቱ ሞቱ።

ሳቅኩ እኮ።

ጥቅምት 16

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ዳቦ ቤቱ የነበረበት ቦታ እንደሆነ አይለወጥም። ወስጄ ምድጃው ላይ አቆማታለሁ፣ ደስ ይላታል፣ አለቀ።

"ተገኘ?" አለችኝ።

"ገና ነው።"

ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 18

ነገርኳት። ወረቀቱን መስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ገልብጬ፣ ሁሉንም። ታቋርጠኛለች ብዬ ስጠብቅ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አባቴ ልክ ነበር?"

"ልክ ነበሩ።"

"ተው ያልኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ አሳይቼሽ ነው።"

"ማን እንዳሳየኝ አውቃለሁ።"

ተነስታ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ትናንት አጥባ ያደረቀችውን።

ጥቅምት 26

ስምንት ቀን። ምግቤን ታቀርብልኛለች፣ አብራኝ አትቀመጥም። ከዚያ ጠረጴዛ ርቃ፣ ማድ ቤት ቆማ ትበላለች። "ይቅር በይኝ" አልኳት። "ለእኔ አይደለም" አለችኝ። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈራሁ።

ኅዳር 1

ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። "ሜትርህን ያዝ። ጠመኔም ያዝ።"

በአውቶቡስ ሄድን። የዳቦ ቤቱ ግማሽ አስፋልት ሥር ነው። ምድጃው ከኋላ ስለነበር ያረፈው ፌርማታው ላይ ነው። ለካሁ፣ ደግሜ ለካሁ፣ ሦስተኛም ለካሁ። በራሴ ላይ እምነት የለኝም። ከዚያ አራቱን ጥግ በጠመኔ አሰመርኩ። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች እግራቸውን አነሱልኝ። ማዶ መጋዘኑ ቆሟል።

መሀሉ ገብታ ቆመች። ከዚያ፦

"ንገረው።"

"ማንን?"

"አባቴን።"

"ሰው አለ እኮ..."

"ሲስቁበትም ሰው ነበር።"

ባርኔጣዬን አወለቅኩ። "አባባ... እርስዎ ልክ ነበሩ። ወረቀቱን የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"ጮክ በል።"

ጮክ አልኩ። ሰዎቹ ዞር አሉ። አንዷ "ታመዋል እንዴ?" ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት። "ደህና ነው" አለች። "ዘግይቶ ነው እንጂ።" ሻርፗን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቦርሳዋን አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ሦስት ፌርማታ ሲቀረን አነሳችው።

"ጉልበትህን ያምሃል፣ ተቀመጥ" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ።

ተቀመጥኩ።