ሬዲዮውን እኔ ነኝ የነቀልኩት

ወንድምዬ፣
ለጥ ብለህ ስለተኛህ አልቀሰቀስኩህም። የመኪናውን የፊት ሾክ አብዞርበሮችና የመገጣጠሚያ ላስቲኮቹን፣ ጎሚኒዎቹን፣ ቀይሬያለሁ። አሮጌዎቹን በር ላይ ያስቀመጥኩት እንድታያቸው ነው፤ ጎሚኒው በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

እማዬን ሐኪም ቤት ከመውሰድህ በፊት መኪናውን ከክሪኩ አውርደህ የታችኞቹን ቡሎኖች ጥብቅ አድርጋቸው። ክሪኩ ላይ እንዳለ ካጠበቅካቸው አዲሱም ጎሚኒ ቶሎ ይቀደዳል።

ትናንት እሷ ፊት መጮኽ አልነበረብኝም።

ግን መኪናው ከሥሩ ሲንቋቋ ነው የከረመው፤ አንተ ደግሞ እንዳይሰማህ ሬዲዮውን ከፍ ታደርጋለህ። ጉድጓድ በገባህ ቁጥር እማዬ ወገቧን ይዛ «እርጅና ነው፣ ተዉኝ» ትላለች። እኔም አምኛት ነበር።

ሬዲዮውን ነቅዬ ወስጄዋለሁ፤ ቤት ውስጥ አትፈልገው።
ቀስ ብለህ ንዳ።
ዛሬ ካቃሰተች ትሰማታለህ።